መሰላሉን ማን ያዘው?

መብራት ሄዷል። ቆጪ ላይ የግንቦት ዝናብ ቆርቆሮ ይደበድባል፤
ባልዲው ጥግ ቁጭ ብሎ ጠብ ያለውን ይቆጥራል።
ሙንተሃ የስልኬን ባትሪ ብርጭቆ ላይ አስደግፋ፣
ቫርኒሹ በደረቀ በርጩማ ላይ ደብተሯን አንጥፋ
ታነብልኛለች፦

«አምስት ሜትር መሰላል ግድግዳ ተደግፏል።
እግሩ ከግድግዳው ሦስት ሜትር ርቋል።
ጫፉ ስንት ሜትር ላይ ይደርሳል?»

«ይንሸራተታል» አልኳት።
«አባ!»
«ሦስት ሜትር ካራቅሽው ይንሸራተታላ!
ተማምን ጠይቂው፤ ዳሌው የተሰበረው በምን ሆነና ሌላ?
መሬቱስ ጭቃ ነው ሊሾ? ማን ነው የያዘው ከታች?»
«ጥያቄው አይልም» አለች፣
እርሳሷን በጥርሷ ነከሰች።

መጀመሪያ ሥዕል። አንድ የቆመ መስመር፣ ግድግዳ፤
አንድ የተኛ፣ መሬት፤ አንድ ያዘመመ፣
በር ተደግፎ እንደሚያወራ እንግዳ።
ጥጉ ላይ ትንሽ ሳጥን፤ ዘጠና ዲግሪ ማለት ነው።
(የኔ ዘጠና ስኳድራ ነው፣ ብረት ነው።)
«የማናውቀውን» አለች «ኤክስ እንበለው።»
እንበለው።

«የሦስት ካሬ፣ ዘጠኝ። ጻፍኩ።
የኤክስ ካሬ፣ ይቆይ፤ ባለበት ተውኩ።
ሁለቱ ሲደመሩ የአምስት ካሬ፣ ሃያ አምስት።
አሁን ዘጠኝን ከዚህ ወገን ላንሳ፤
ከዚያም ወገን ነው የማነሳው፣ እንዳልረሳ።»
ደስ አለኝ። ዋንዛ የሚያመጣልኝ ሰውዬ ይህን ቢማር፣
ከኔ ወገን ብቻ እያነሳ ባልተኮራረፍን ነበር።

«ሃያ አምስት ሲቀነስ ዘጠኝ…» ጣቷን አጠፈች፣ ፈታች፤
«አስራ አራት» ብላ ጻፈች።
ዝም አልኩ። ጠብታው ባልዲው ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደቀ።
«ውይ!» አለች፤ ላጲሷ ወረቀቱን ጭምር ፋቀ።
አስራ ስድስት።
ራሱ በራሱ ተባዝቶ አስራ ስድስት የሚሆነው ማነው?
«አራት» አለች። «አራት ሜትር ነው።»

አራት።
ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

እጄ ሳላዘው ወደ ሚስማሩ ሄደ፤ ገመዴን አወረደ፣
አስራ ሁለት ቋጠሮ፣ አብሮኝ ያረጀ፣ ላብ የለመደ።
አባ ራያ፣ ሙያ ያስያዘኝ፣ ጅሬን ላይ የቤት ማዕዘን ሲያወጣ
ሦስት በዚህ፣ አራት በዚያ፣ አምስት አግድም ሲወጥር፣
ጥጉ ቀጥ ብሎ ይመጣ ነበር፣ እንደተጠራ ሰው ይመጣ።
ለምን ስለው፣ «ዝም ብለህ ቋጠሮውን ቁጠር!»
ሠላሳ ዓመት ቆጠርኩ።
የስንቱን ሳሎን፣ የስንቱን በር።

ገመዱን አየች፣ ደብተሯን አየች።
«ይሄን ታውቃለህ እንዴ?» አለች።
እጄ ነው የሚያውቀው፣ ልጄ።
እኔማ ዛሬ ሰማሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ የጓሮ አትክልት ቦታ ነው፦
ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ፣ ዙሪያው ሠላሳ ስድስት።
ወርዱ ኤክስ፣ ርዝመቱ ሁለት ኤክስ፤
ዞራ ደመረች፣ ስድስት ኤክስ ሆነ፤
ለስድስት አካፈለች፣ ኤክስ ስድስት።
ስፋቱን ሰባ ሁለት ካሬ ብላ ዘጋችው።
የማን ቦታ እንደሆነ አልጠየቅኩም፣
ካርታ አለው ወይ አላልኩም።
ተምሬያለሁ፤ ጥያቄው አይልም።

ከዚያ ወደ መሰላሉ ተመለሰች።
«ጫፉ አራት ሜትር ላይ ይደርሳል» ከሚለው ሥር፣
ወደኔ ሳታይ፣ በደቃቅ ፊደል ጨመረች፦
«ከታች የሚይዘው ሰው ካለ።»

መምህር ኦልጅራ አራቷን በቀይ ራይት አለላት፤
ከሥር ያለችዋን ከቦ፣ አንድ የጥያቄ ምልክት ሰጣት።

ባልዲው ሞልቶ ሁለቴ ደፋሁት።
የኛ ጣራ ሦስት ሜትር ተኩል ነው፣ ለክቼዋለሁ።
ቅዳሜ ካባራ፣ የመሰላሉን እግር ወደ ግድግዳው አስጠግቼ
አቆመዋለሁ።
ሙንተሃ ትይዘዋለች።